ብሌዝ ፓስካልና እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም እያሉ የሚከራከሩ ወዳጆቹ

የቀደሙት አባቶቻችን የጻፏቸውን መጻሕፍት የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። በሃይማኖተ አበው ቢሆን፥ በአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በመጽሐፈ ምሥጢር ቢሆን፥ ክርክሩ ሁሉ እግዚአብሔር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው እንጂ መኖሩን ለማስረዳት አይደለም። ከአርዮስ ጋር የተከራከሩት ስለ ወልድ ባሕርይ ነው፤ ከሰባልዮስ ጋር ስለ አካላት ሦስትነት፥ ከንስጥሮስ ጋር ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ነው። እነዚህ መናፍቃን ከመንገድ ቢወጡም በእግዚአብሔር መኖር ላይ ጥያቄ አላነሡም። ስለዚህም በጉባኤ ቤት የተቀበልነው መልስ ለእነርሱ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው። ዛሬ ከዩኒቨርስቲ ለበዓል ወደ ቤቱ የተመለሰ ወጣት ለንስሐ አባቱ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ እግዚአብሔር አለ ወይ ይላል። ካህኑም ወይ ይቈጣዋል፥ ወይም ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሥርዓት፥ ስለ ከዋክብትና ስለ ባሕር ብዙ ማስረጃ ይቈልልለታል። ወጣቱም ሰምቶ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ እንደ መጣ ይመለሳል።

ክርክሩ ስለ ምን እንደማያልቅ፥ ሰዎችስ በዚህ ነገር ስለ ምን እንደሚከራከሩ ከሌላው ይልቅ አጥልቆ የመረመረ አንድ ሰው ስለ ሆነ፥ የፈረንሳዊውን የብሌዝ ፓስካልን ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ፓስካል በላቲኖች ቤተ ክርስቲያን ተወልዶ ያደገ ስለ ሆነ ትምህርቱን ሁሉ እንደ አባቶቻችን ትምህርት አንቀበለውም፤ የማንቀበለውንም በስፍራው እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፓስካል ጁን 19 ቀን 1623 ዓ.ም. ክሌርሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤትየን ፓስካል በግብር ጉዳይ የሚፈርድ ዳኛ፥ ሒሳብንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበረ። እናቱ ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ሞተች። ታላቅ እኅቱ ዢልቤርት፥ ታናሽ እኅቱ ዣክሊን ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም በኋላ በሕይወቱ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላቸው። በ1631 ዓ.ም. አባትየው ልጆቹን ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደና ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሳይሰድ እርሱ ራሱ ያስተምረው ጀመረ። ሥርዓትም ነበረው፤ በእኛ ዘንድ ንባብ ያልጨረሰ ተማሪ ወደ ዜማ፥ ዜማ ያልያዘም ወደ ቅኔ እንዳይቸኵል እንደሚደረግ፥ እርሱም ልጁ አስቀድሞ የላቲንንና የጽርእን ቋንቋ እንዲማር ፈልጎ የሒሳብን መጻሕፍት ሸሸገበት። እኅቱ ዢልቤርት እንደ ጻፈችው፥ ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ በድንገት ቢገባበት በከሰል ወለሉ ላይ እየሣለ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ተደምረው ከሁለት ቀጤ ማዕዘን ጋር እኩል እንደሚሆኑ በራሱ መርምሮ ደርሶበት ተገኘ። አባቱም ከዚያ ወዲያ መጻሕፍቱን አልከለከለውም።

በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሾጣጣ ነገር በተለያየ መንገድ ሲቈረጥ ስለሚወጡት መስመሮች ሊቃውንትን ያስደነቀ ጽሑፍ ጻፈ። አባቱ በሩዋን ከተማ የግብር ሹም ሆኖ በቍጥር ሲደክም አይቶ በ1642 ዓ.ም. በመንኰራኵር የሚደምርና የሚቀንስ መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ እስኪሳካለትም ድረስ ከሃምሳ የሚበልጡ ናሙናዎችን እንደ ሠራ ራሱ ተናግሯል። ጤናው ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ የታወከ ነበረ፤ ከዐሥራ ስምንት ዓመቱ ወዲህ ያለ ሕመም ያሳለፈው ቀን እንደሌለ ለእኅቱ ነግሯታል።

እስከዚህ ጊዜ ድረስ የፓስካል ቤት ሰዎች እንደ አገራቸው ልማድ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፥ ከዚያ የበለጠ ግን ስለ ነፍሳቸው የማይጨነቁ ነበሩ። በ1646 ዓ.ም. በክረምት አባትየው በበረዶ ላይ አድጦት ወድቆ እግሩ ከመጋጠሚያው ወለቀ። ሊጠግኑት የመጡት ሁለት ወንድማማች ወጌሾች ነበሩ፤ ሦስት ወር ያህልም በቤቱ ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች ፖር ሮያል የሚባለውን የደናግል ገዳም ከሚመሩት አባቶች ትምህርት ያገኙ፥ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ እግሩን እየጠገኑ መጻሕፍትን ለቤተ ሰቡ ሰጡ። አስቀድሞ ያመነበት ብሌዝ ነው፤ እርሱ ዣክሊንን፥ ሁለቱ ሆነው አባታቸውን መለሱ። የዚያን ዘመን ሊቃውንት በትልልቅ ጉባኤ ሲከራከሩ ያላደረጉትን የአጥንት ጠጋኞች በአንድ ክረምት እንዳደረጉት አንባቢ ያስተውል።

ከዚያም ወዲህ የፍጥረትን ነገር መመርመሩን አልተወም። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት በፍጥረት ውስጥ ፈጽሞ ባዶ የሆነ ስፍራ ሊገኝ አይችልም ብለው የቀደሙትን ፈላስፎች ቃል ይዘው ይከራከሩ ነበር። ፓስካል ግን ነገሩ በመጽሐፍ ሳይሆን በፈተና ይታወቃል አለ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ዓ.ም. የዢልቤርት ባል ፍሎረን ፔርዬ በእርሱ ልመና ባዜቃ የሞላበትን የመስተዋት ቧንቧ ይዞ ካህናትና ምእመናን አስከትሎ ፒዊ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ወጣ። የተራራው ከፍታ 1465 ሜትር ነው። ሌላው ቧንቧ ከተራራው በታች በገዳም አጸድ ቀረ፥ አንድ መነኵሴም ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው ዋለ። ታች የቀረው ባዜቃ ከመጠኑ ምንም ሳይነቃነቅ ሲውል በተራራው ራስ ላይ ያለው ግን ከሦስት ጣት ስፋት በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ባዜቃውን ደግፎ የሚያቆመው የአየር ክብደት እንደ ሆነ፥ ወደ ላይ በወጡ መጠንም አየሩ እንደሚቀል ከዚህ ታወቀ።

ይህን ታሪክ ለሳይንስ ብለን አላመጣነውም። ፓስካል ከዚህ ሥራው ጋር አያይዞ በጻፈው መቅድም፥ በሚዳሰስ ፍጥረት ነገር የቀደሙት ሰዎች ቃል ለብቻው ዳኛ ሊሆን እንደማይገባ፥ በመለኮት ነገር ግን ፈተናና ልኬት እንደማይደርሱ፥ በዚያ የሚሰማው ከእግዚአብሔር የተሰጠ ቃል እንደ ሆነ ለይቶ አስተምሯል። ክርክር የሚበዛው ሰዎች የአንዱን ሚዛን ለሌላው ሲያውሉት ነው። በመጽሐፍ ቃል ባዜቃን ሊያቆም የፈለገው መምህርም፥ በመስተዋት ቧንቧ እግዚአብሔርን ሊለካ የሚፈልገው የዛሬው ተማሪም ስሕተታቸው አንድ ዓይነት ነው። ተማሪውን ስንገሥጽ የመምህሩን አንርሳ።

በ1651 ዓ.ም. አባቱ ሞተ፤ በሚከተለው ዓመትም በጥር ወር ዣክሊን ወንድሟ ሳይወድ ወደ ፖር ሮያል ገዳም ገባች። ብሌዝ ብቻውን ቀረ፥ ወደ ዓለምም አዘነበለ። በዚህ ጊዜ ያገኛቸው ወዳጆች ለታሪካችን ዋና ናቸው። ወጣቱ መስፍን ሮአኔ፥ ሹቫልዬ ደ ሜሬና ሚቶን የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ሜሬና ሚቶን ንግግራቸው የታረመ፥ ጠባያቸው የለዘበ፥ ቁማርና ጨዋታ የሚወዱ ነበሩ። እግዚአብሔርን አይሰድቡም፤ ካህናትንም አያሳድዱም። ነገሩ ብቻ አያሳስባቸውም። ቢነሣባቸው በትሕትናና በቀልድ አንድ ሁለት ቃል ይከራከሩና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። የእኛ መጻሕፍት የሚያውቁት መናፍቅ ለሃይማኖቱ የሚሞት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ግን አላጋጠሟቸውም።

ሜሬ ስለ ቁማር ጥያቄ አቀረበለት። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 ወርቅ አስይዘው ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ሁሉን ይውሰድ ብለው ሲጫወቱ፥ አንዱ ሁለት ጊዜ ሌላው አንድ ጊዜ አሸንፈው ሳለ ጨዋታው ቢቋረጥ ገንዘቡ እንዴት ይከፈል? ፓስካል በ1654 ዓ.ም. በክረምቱ በቱሉዝ ከሚኖረው ከፌርማ ጋር ደብዳቤ ተጻጽፎ ለመጀመሪያው 48፥ ለሁለተኛው 16 ወርቅ እንደሚገባ አስረዳ። ገና ያልሆነን ነገር በቍጥር የመመዘን ትምህርት መሠረቱ ከተጣለባቸው ጽሑፎች ዋነኛው ይህ ነው። ዛሬ የመድን ድርጅቶችና የሐኪሞች ምርምር የሚሠሩበት ሒሳብ ከቁማርተኛ ጥያቄ መውጣቱ የሚያስገርም ነው።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 23 ቀን፥ ሰኞ ሌሊት፥ እንደ እኛ አቈጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኵል ጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪያልፍ ድረስ አንድ ነገር ደረሰበት። ምን እንደ ሆነ ለማንም አልተናገረም። በወረቀት ላይ ግን ወዲያው ጻፈው፤ በጽሑፉም ራስ ላይ እሳት የሚል ቃል አኖረ፥ ለአባቶች ለአብርሃምና ለይስሐቅ ለያዕቆብም የተገለጠውን አምላክ ፈላስፎች በምርምር ከሚያቆሙት ለየ፤ ስለ ደስታና ስለ እንባም መዘገበ። ከእኛ ወገን ያለ አንባቢ ሙሴ በኮሬብ ያየውን ቍጥቋጦ ቢያስብ አይሳሳትም፤ በዚያ የተናገረውም ራሱን በአባቶች ስም ያስታወቀው አምላክ ነውና።

በ1655 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ፖር ሮያል ሄዶ ሱባዔ ያዘ። ገዳሙ ግን በዚያ ጊዜ ከኢየሱሳውያን ማኅበር ጋር በታላቅ ጠብ ውስጥ ነበረ። ኢየሱሳውያንን የአገራችን ሰው በታሪክ ያውቃቸዋል። ዐፄ ሱስንዮስ በእነርሱ ስብከት የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በገሃድ ያስታወቁት ፓስካል ከመወለዱ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1622 ነበር፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሃይማኖተ አበው ተመልሶ ዙፋኑ ለዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ሲለቀቅ ፓስካል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ አድጎ ከጃንዋሪ 1656 እስከ 1657 ዓ.ም. ባሉት ወራት ስሙን ሰውሮ ዐሥራ ስምንት ደብዳቤዎችን በማሳተም፥ ንስሐ ለሚገቡ ሰዎች ኃጢአትን የሚያቀሉበትን የእነርሱን ትምህርት በብርቱ ነቀፈ። ይሁን እንጂ የፖር ሮያል ሰዎች ስለ ጸጋ ያስተማሩትን ሁሉ እኛ አንቀበለውም። ጸጋን ሲያከብሩ የሰውን ነጻ ፈቃድ እስከማጥበብ ደርሰዋል፤ አባቶቻችን ግን የእግዚአብሔር ቸርነትና የሰው ፈቃድ አብረው እንደሚሠሩ አስተምረውናል። በዚህ ነገር ፓስካል መምህራችን አይደለም።

በማርች 24 ቀን 1656 ዓ.ም. የእኅቱ የዢልቤርት ልጅ ማርግሪት፥ በዓይኗ ጥግ መግል የሚያፈስ ቍስል የነበረባት፥ በገዳሙ ካለው ከጌታ የእሾህ አክሊል ተከፍሏል በሚሉት እሾህ ተዳስሳ ዳነች። ሐኪሞችም መሰከሩ። ፓስካል ከዚህ በኋላ ነው ለማያምኑት ሰዎች መጽሐፍ ለመጻፍ ያሰበው፤ ለሜሬና ለሚቶን ማለት ነው። በ1658 ዓ.ም. አሳቡን ለፖር ሮያል ወዳጆቹ በሰፊው አስረዳ። በትልልቅ ወረቀት ላይ የመጣለትን ይጽፍና እየቈረጠ በየርእሱ በክር ይሰካው ነበር።

በእነዚህ ቍርጥራጮች ውስጥ ስለ እኛ ጥያቄ የሚናገረው እንዲህ የሚል ትምህርት ይገኛል። ሰዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ እግዚአብሔርን አግኝተው የሚያገለግሉት አሉ፤ ገና ሳያገኙት በትጋት የሚፈልጉት አሉ፤ ሳይፈልጉትና ሳያገኙት የሚኖሩት አሉ። ፓስካል ለሁለተኞቹ ያዝናል፥ ያከብራቸዋልም፤ የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በአርባ አምስተኛው ምዕራፍ የተሰወረ አምላክ እንደ ሆነ እንደ መሰከረ፥ እግዚአብሔር ራሱን ፈጽሞ ቢገልጥ ፈቃድ ባልቀረ፥ ፈጽሞ ቢሰውርም ተስፋ ባልቀረ ነበር፤ ለሚሹት የሚበቃ ብርሃን፥ ለማይሹትም የሚበቃ ጨለማ ተወ ይላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ሰማይ እያዩ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ይክዳል፤ ልዩነቱ ያለው በልባቸው ነው። ነቢዩ ዳዊትም በዐሥራ ሦስተኛው መዝሙር የሰነፍን ክህደት በልቡ ውስጥ እንጂ በአንደበቱ እንዳላኖረው አንባብያን ያውቃሉ።

ሁለተኛም ሰው ብቻውን ጸጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም ይላል። ቢቀመጥ ሞቱንና ጕስቍልናውን ያስባል፤ እንዳያስብ አደን፥ ጨዋታ፥ ሹመት፥ ጦርነት ይፈልጋል። ክርክርም ከነዚህ እንደ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን ቃል ስናነብ ስለ እግዚአብሔር መኖር ብዙ ጊዜ የሚደረገውን ሙግት አሰብን፤ ተከራካሪዎቹ ጉዳያቸው እግዚአብሔር ሳይሆን መርታት ይሆናል፥ እኛም ካህናት ከዚህ ነጻ አይደለንም። ፓስካል ከዴካርትና ከመሰሎቹ በኩል የሚቀርቡትን የረቀቁ ማስረጃዎች የተጠራጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰው ኑሮ የራቁ ስለ ሆኑ ማስረጃው በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ያመነ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተታልዬ ይሆን ብሎ ይሠጋል። የወፎችንና የሰማይን ሥርዓት እየቈጠሩ ለከሓዲ ማስረዳትም ብዙ ጊዜ ማስረጃችን ደካማ እንዲመስለው ያደርጋል ብሎ ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ ከአክሲማሮስ ትምህርት ያደግን እኛ እንደ እርሱ አንናገርም፤ ፍጥረት ፈጣሪውን ይሰብካልና። ግን ስብከቱን የሚሰማ ጆሮ የተከፈተለት መሆኑን አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ ከእርሱ እንማራለን።

ከሁሉ የታወቀው የውርርድ ምክሩ ነው። ቁማርተኞቹን በቁማራቸው ቋንቋ አነጋገራቸው። እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም በሚለው በአእምሮ ብቻ ካልቈረጣችሁ፥ በመካከል መቆም ግን አይቻላችሁም፤ እየኖራችሁ ስለ ሆነ አስቀድሞ ገብታችሁበታል፥ ሳታምኑ መኖርም መወራረድ ነው አላቸው። አለ ብሎ የተወራረደ ቢረታ ፍጻሜ የሌለው ሕይወት ያተርፋል፤ ቢረታም የሚያጣው የሚያልፍ ነገር ነው። ቮልቴር በ1734 ዓ.ም. ይህን ነቅፎ ማመን ይጠቅመኛል ማለት የታመነው ነገር ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም ብሏል፤ ዲድሮም የእስላም መምህር በዚያው ቃል ሊናገር እንደሚችል ገልጧል። ነቀፋቸው ውርርዱ ብቻውን ቢቆም እውነት በሆነ ነበር። ፓስካል ግን ውርርዱን ማስረጃ አላለውም፤ እንቅልፍ የያዘውን ሰው መቀስቀሻ ነው። ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች አያነቡትም። ወዳጁ ነገሩን ተቀብሎ ማመን ግን አልቻልኩም ሲለው፥ የሚከለክልህ የማስረጃ ማነስ ሳይሆን የፍትወትህ ብርታት ነው ብሎ፥ ያመኑት ሰዎች በጀመሩበት እንዲጀምር፥ በጠበሉና በቅዳሴው እንደ እነርሱ እንዲያደርግ ይመክረዋል። በእኛ ዘንድ ቢሆን ጾምንና ስግደትን ባከለ ነበር። ይህን የሚመክረው ሰው አስቀድሞም በኋላም ስለ ወዳጁ በጕልበቱ ተንበርክኮ እንደሚጸልይ በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

መጽሐፉን አልፈጸመውም። ከ1659 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመሙ በረታ። በ1661 የፖር ሮያል ደናግል የሚያምኑበትን ትምህርት የሚያወግዝ ጽሑፍ እንዲፈርሙ ተገደዱ፤ ዣክሊንም በታላቅ ጭንቀት ፈርማ በኦክቶበር 4 ቀን በ36 ዓመቷ ዐረፈች። እርሱ በዚህ ጊዜ ክርክርን እየተወ ወደ ድኆች ተጠጋ። ከወዳጁ ከመስፍን ሮአኔ ጋር ሆኖ በፓሪስ ጐዳናዎች ማንም ሰው በአምስት ሶል ሳንቲም የሚሳፈርበትን የሕዝብ ሠረገላ አቋቋመ፤ ሥራውም በማርች 18 ቀን 1662 ተጀመረ። ከትርፉ ለብሎዋ አገር ድኆች እንዲላክ አስቀድሞ ገንዘብ ጠይቆ ነበር። አንድ ድኻ ቤተ ሰብም በቤቱ አስጠግቶ ሳለ ልጃቸው ፈንጣጣ ያዘው። ልጁን ማንቀሳቀስ ያጐዳዋል ብሎ ቤቱን ለልጁ ትቶ እርሱ ታማሚው ወደ እኅቱ ቤት ሄደ።

በዚያም ተኝቶ ቍርባን እንዲያቀብሉት ቢለምን ሐኪሞቹ ሕመምህ ለሞት አያደርስም እያሉ አዘገዩበት። እንግዲያስ ከራሱ ከጌታ ጋር መገናኘት ካልተፈቀደልኝ ከብልቶቹ ጋር ልገናኝ ብሎ አንድ ድኻ በሽተኛ ወደ ቤቱ እንዲያመጡለትና ለእርሱ የሚደረገው ሁሉ ለዚያም እንዲደረግ ለመነ፤ የሚመች በሽተኛ ባይገኝ ፈውስ የሌላቸው ድውያን ወደሚተኙበት ቤት እንዲወስዱት ጠየቀ። ይህም አልሆነለትም። በመጨረሻ ካህኑ ቍርባኑን ይዞለት መጣ፤ ተቀበለም። ኦገስት 19 ቀን 1662 ዓ.ም. ሌሊት በ39 ዓመቱ ዐረፈ፥ በፓሪስም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የተሰኩት ወረቀቶች በ1670 ዓ.ም. በወዳጆቹ ተሰብስበው ታተሙ።

ከሞተ ጥቂት ቀናት በኋላ አንድ አገልጋይ ልብሱን ሲያነሣ ከካባው ገበር ውስጥ ወፈር ያለ ነገር አገኘ። ስፌቱን ቢፈቱት የታጠፈ ብራና፥ በብራናውም ውስጥ ያን የሌሊቱን ወረቀት አገኙ። ስምንት ዓመት ሙሉ ካባ በለወጠ ቍጥር ከአሮጌው ፈትቶ ወደ አዲሱ በእጁ ይሰፋው ነበር። ወረቀቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ መጻሕፍት ቤት ይገኛል።